በአካል መሰብሰብና በምስል መሰብሰብ

ሰው ከሰው ጋራ ተሰብስቦ መምከር፣ ተሰብስቦ መብላትና ተሰብስቦ ማልቀስ በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ስለ ሆነ፣ ስለ ስብሰባ ጥቅም ለዚህ ሕዝብ ለማስረዳት መሞከር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ ዓይነት ስብሰባ መጥቷል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰው በየቤቱ እንደ ተቀመጠ፣ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ የባልንጀሮቹን ፊት እያየና ድምፃቸውን እየሰማ የሚነጋገርበት ነው። ይህ አዲሱ ስብሰባ የቀድሞውን ሊተካ ይችላልን የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤቶችና የዩኒቨርሲቲዎች ጥያቄ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ወደ ማኅበሩ፣ ወደ ዕድሩና ወደ ለቅሶ ቤቱ ስለ ገባ፣ የእያንዳንዱ መንደር ጉዳይ ሆኗል።

ነገሩ በድንገት የተስፋፋበት ምክንያት የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወሩ ሳያልቅ መጋቢት 30 ቀን የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል የኖረው ቀርቶ ሰው ለሰው የሚፈራበት ዘመን ሆነ፤ ድንኳን መጣል፣ ጠላ ጠምቆ ማኅበር ማውጣት፣ እጅ መጨባበጥና ጉንጭ መሳም ሁሉ ተከለከለ። በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ ሰው የተሸሸገው በዚህ መሣሪያ ውስጥ ነው። ዙም የተባለው መሰብሰቢያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 መጨረሻ በቀን 10 ሚሊዮን ያህል ተሰብሳቢ የነበረው ሲሆን፣ በ2020 ሚያዝያ ወር ቍጥሩ 300 ሚሊዮን መድረሱን ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። አንድ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ቢሰበሰብ ሦስት ሆኖ የሚቈጠር ስለ ሆነ የሰዎቹ ብዛት ከዚህ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ቅሉ በአራት ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ጕባኤ ከዚያ በፊት በዓለም ታይቶ አይታወቅም።

የዚሁ መሰብሰቢያ መሥራች ኤሪክ ዩዋን የሚተርከው ነገር አለ። በቻይና አገር ተማሪ ሳለ የወደዳት ልጅ በሩቅ ከተማ ትኖር ስለ ነበረ፣ እርስዋን ለማየት ዐሥር ሰዓት ያህል በባቡር ይጓዝ ነበር፤ በዚያም ድካም ላይ ሳለ ሰው ሳይጓዝ ወዳጁን የሚያይበት መሣሪያ ቢገኝ ብሎ አሰበ። ታሪኩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ኋላ ልጅቱን ያገባት በምስል አይደለም።

በመሪዎች ዘንድም የሆነው ይህንኑ ይመስላል። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጕባኤ በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር የተደረገው እያንዳንዱ መሪ በአገሩ ሆኖ በምስል ነበር። ንግግሩ ተነገረ፣ ውሳኔውም ተወሰነ፤ መሣሪያውም ሥራውን አላጓደለም። ነገር ግን በዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥር፣ በሽታው ገና ፈጽሞ ሳይጠፋ፣ መሪዎቹ እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ መጥተው ተሰበሰቡ። ንግግር ለማንበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ወጪና ጥበቃ ባላስፈለገ ነበር።

ለዚህ ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ የካዛብላንካ ወገንና የሞንሮቪያ ወገን ተብለው የተከፈሉ ነበሩ፤ አንዱ ወገን አህጉሩ ቶሎ አንድ መንግሥት እንዲሆን ሲሻ፣ ሌላው ቀስ በቀስ መተባበር ይሻላል ይል ነበር። ግንቦት 17 ቀን 32 አገሮች የፈረሙበት ቻርተር የተገኘው በአፍሪካ አዳራሽ መድረክ ላይ ከተነበበው ንግግር ብቻ አይደለም፤ በየማረፊያው፣ በማዕድ ላይና ከአዳራሽ ወጥቶ ጐን ለጐን በመሄድ ከተደረገው ምክር ጭምር ነው። በመድረክ ላይ ሆኖ አቋሙን መልቀቅ የሚያፍር ሰው፣ ቡና ሲጠጣ ግን ትንሽ ሊለቅ ይችላል። በምስል ጕባኤ ውስጥ ይህ ኮሪደር የለም። ስብሰባው ተፈጸመ በተባለ ጊዜ መስተዋቱ ይጨልማል፤ እያንዳንዱም በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ሰዎች በር ላይ ቆመው እንግዲህ ደኅና ዋሉ እያሉ ሳይለያዩ የሚቆዩበት ያ ግማሽ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚነገርበት ሰዓት ነው።

ነገሩን በምርመራ ያዩት ሊቃውንትም አሉ። ሜላኒ ብረክስና ጆናታን ሌቫቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ለዚህ ጕዳይ ብዙ ይረዳል። 602 ሰዎችን ወስደው ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ እኩሌታዎቹን በአንድ ክፍል ፊት ለፊት፣ የቀሩትንም በልዩ ልዩ ክፍል በምስል አገናኝተው፣ ለአንድ ተራ ዕቃ አዲስ አገልግሎት እንዲያስቡለት አዘዟቸው። ፊት ለፊት የተቀመጡት ብዙ አሳብ አፈለቁ፤ በምስል የተገናኙት ያነሰ። በአምስት አገሮች በሚሠሩ 1,490 ያህል መሐንዲሶች ላይም ያው ሆኖ ተገኘ። ከተፈለቀው አሳብ መካከል የሚሻለውን በመምረጥ ግን በምስል የተገናኙት ከቀሩት አላነሱም። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ በምስል የሚነጋገር ሰው ዓይኑ ከመስተዋቱ ላይ ስለማይነሣ አሳቡም አብሮ ይጠባል ብለዋል፤ በአንድ ክፍል የተቀመጠ ሰው ግን ዓይኑን ወደ ግድግዳው፣ ወደ መስኮቱ እየወረወረ ያስባል። ይህ ለኢትዮጵያ ሽማግሌ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዋርካ ሥር የተቀመጠ ዳኛ መሬቱን በበትሩ እየጫረ ሲያስብ የሚታየው በከንቱ አይደለም።

ስለ ንግግር ጊዜም እንዲሁ ነው። ዐሥር ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተመርምረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 በወጣ ጥናት፣ አንዱ ተናግሮ ሲያበቃ ሌላው መልስ እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ የሰከንድ አምስተኛ ያህል ብቻ መሆኑ ታውቋል። ሰው ይህን ሳያስበው ይጠብቀዋል። በኢንተርኔት የሚሄድ ድምፅ ግን በመንገድ ይዘገያል፤ ኔትወርክ በደከመበት ስፍራ መዘግየቱ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ከዚያም ይሉኝታ ባለበት አገር እርስዎ ይቀጥሉ፣ የለም እርስዎ ይቀጥሉ እየተባለ ደቂቃው ያልቃል። ከዚህም የከፋ አለ። የጽዋ ማኅበር አባሎች በየአገሩ ተበትነው በምስል ሲገናኙ አባታችን ሆይን በአንድነት ለማለት አይችሉም፤ የአንዱ ድምፅ በአንዱ ላይ እየተደራረበ እንደ ገበያ ጫጫታ ይሆናልና፣ አንድ ሰው ብቻ ጸሎቱን ሲያደርስ የቀሩት ድምፃቸውን ዘግተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። መዝሙርም፣ እልልታም፣ ሙሾም እንዲሁ ነው። የብዙ ሰው ድምፅ አንድ ድምፅ የሚሆንበትን ነገር ይህ መሣሪያ ፈጽሞ ሊሰጥ አልቻለም።

ዓይን ለዓይን መተያየትም የለም። የመሣሪያው ካሜራ ከመስተዋቱ በላይ ስለ ሆነ፣ የባልንጀራውን ዓይን የሚያይ ሰው ለባልንጀራው ዓይኑን የሰበረ ሆኖ ይታያል። ታናሽ በታላቁ ፊት ዓይኑን ዝቅ ማድረጉ ክብር በሆነበት አገር ይህ ነውር አይሆንም፤ እንዲያውም ጭምት ያስመስላል። ነገር ግን አሁን ታላቁም ታናሹም እኩል አቀርቅረው ይታያሉ። ሽማግሌ ሲገባ ኖር ብሎ የሚነሣ የለም፤ በእግዜር ብሎ የሚያስቀምጥም የለም። መስተዋቱ ቄሱን፣ ዳኛውንና ትናንት የገባውን አባል በእኩል አራት ማዕዘን ይደረድራቸዋል፤ ቦታቸውንም እንደ ወደደ ይቀያይራል። አንዳንድ ወጣቶች ይህን እኩልነት ይወዱታል፤ በአዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ የማትናገር ሴት በምስል ስብሰባ እጅዋን አንሥታ ትናገራለችና ነገራቸው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጄረሚ ቤይለንሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 እንደ ጻፈው ግን፣ ብዙ ፊት በቅርብ ሲያፈጥጥበት መዋል፣ የራስን መልክ ሳያቋርጡ ማየት፣ ከስፍራ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥና የሌላውን ስሜት ለመረዳት ከወትሮው ይልቅ መድከም ሰውን ያዝለዋል። በእርግጥም በሰርግም ሆነ በለቅሶ መስተዋት ፊቱ ተቀምጦለት የራሱን መልክ እያየ የሚነጋገር ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም።

እንግዲህ ደብዳቤም ስልክም ቀድመው መጥተው ነበር። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ስልክ ስለ መጣ ስብሰባ ይቅር ያለ ሰው አልተሰማም። ደብዳቤ ከሩቅ የመጣ ወረቀት መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ ስልክም ድምፅ ብቻ መሆኑን አይሸሽግም። ይህ አዲሱ መሣሪያ ግን ፊትን ስለሚያሳይ መገናኘት ነኝ ይላል፤ ሰውም ያምነዋል። አደጋው ያለው ከመሣሪያው ጕድለት ይልቅ በዚህ ላይ ነው፤ ወዳጁን በምስል ያየ ሰው የጠየቀው ይመስለዋልና።

ይህ በሌላ ስፍራ ሁሉ ቀላል ቢመስልም በዕድር ላይ ሲደርስ ከባድ ነው። ዕድር ማለት ገንዘብ ማዋጣት ብቻ እንዳልሆነ አባል የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ጡሩምባ ሲነፋ ወይም ዛሬ ዛሬ እንደሚደረገው መልእክት በስልክ ሲመጣ፣ አባሉ ከቀብር እንዲቆም፣ ድንኳን ለመትከልና አግዳሚ ወንበር ለማመላለስ እንዲረዳ፣ ማታም ከሐዘንተኛው ጋራ እንዲቀመጥ ደንቡ ያዛል። ወርኀዊ መዋጮውን የከፈለ ሰው እንኳ ከቀብር ቢቀር ይቀጣል። ይህ ቅጣት ለውጭ አገር ሰው ቢነገረው ይገርመው ይሆናል፤ ሐዘን በግድ ነውን ብሎም ይጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን ደንቡን ያወጡት ሰዎች ጠልቀው አስበዋል። ገንዘብ የሬሳ ሳጥኑን ይገዛል፤ ሳጥኑን ግን የሚሸከመው ትከሻ ነው፤ ለሐዘንተኛውም ብቻህን አይደለህም ብሎ የሚነግረው፣ ምንም ሳይናገር ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጎረቤት ነው። የለቅሶ ቤት ዋናው ሥራ ዝምታ ነው። በምስል ስብሰባ ውስጥ ደግሞ ዝምታ ቦታ የለውም፤ ሁሉ ዝም ባለ ጊዜ ሰው ኔትወርኩ ተቋረጠ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ታዲያ አሁን በአንዳንድ ከተማ የሚነሣው ክርክር ይህ ነው። አንድ አባል ቀብሩን በስልኩ በቀጥታ ተከታትያለሁ፣ ለሐዘንተኛውም በምስል ደውዬ አጽናንቻለሁ ቢል፣ እንደ ተገኘ ይቈጠርለታልን ወይስ ይቀጣል? ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ለሁሉ መስጠት ትክክል አይሆንም። በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሰውየው የት ነበር የሚለው ነው። ከለቅሶ ቤቱ በሩብ ሰዓት እግር መንገድ ላይ የሚኖር ጤነኛ ሰው በአልጋው ላይ ጋደም ብሎ ቀብር ቢያይ፣ ቀብር አየ እንጂ አልቀበረም፤ ቅጣቱም ይገባዋል። በሆስፒታል ተኝቶ ያለ፣ አራስ የሆነች፣ ወይም ጕልበታቸው የደከመ አዛውንት በዚያው መሣሪያ ቢገኙ ግን፣ ቀድሞ ስማቸው በቀሪ ይመዘገብ የነበሩ ሰዎች በተገኘ ተመዘገቡ ማለት ነውና ዕድሩ ተጠቀመ እንጂ አልተጐዳም።

በውጭ አገር ላሉት ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት እናቷ በወሎ አረፉ እንበል። በኢትዮጵያ ቀብር አይቆይም፤ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ይፈጸማል። አሠሪዎቿ ፈቃድ ሰጥተው፣ የጕዞ ወረቀቷ ተገኝቶ፣ የአውሮፕላን ዋጋ ሞልቶ እስክትደርስ አፈሩ ደርቋል። ለእርስዋ ምርጫው በአካል መሰብሰብና በምስል መሰብሰብ አይደለም፤ በምስል መሰብሰብና ከነጭራሹ አለመኖር ነው። ወንድሟ ኢሞ ወይም ዋትስአፕ ከፍቶ ስልኩን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ቢይዝላት፣ እርስዋም በወጥ ቤት በር ተከልላ ሣጥኑ ሲወርድ ብታይ፣ ይህን ከንቱ ነው የሚል ሰው ልብ የለውም። ስለዚህ የምስል ስብሰባ ከአዳራሽ ያንሳል ወይስ እኩል ነው እያሉ መከራከር፣ አዳራሹ ለተዘጋበት ሰው ትርጕም የለውም። አስቀድሞ በየወሩ ገንዘብ ከመላክ በቀር ድምፁ የማይሰማ አባል፣ ዛሬ የማኅበሩን ምክር ይሰማል፣ አሳቡንም ይሰጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዋሽንግተን ያለ ሰው ከአዲስ አበባ ጋራ እንደ ወቅቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ስላለው፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ለተጠራ ስብሰባ ሌሊት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ መቀመጡ፣ የሩቁ ሰው ለስብሰባው የሚከፍለው ዋጋ እንዳለ ያሳያል። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከቅርቡ ሰው ይልቅ ብዙ ይከፍላል።

በእቁብ በኩል ክርክሩ ያን ያህል አይከብድም። ዕጣው በሁሉ ፊት ሲወጣ ታይቶ፣ ገንዘቡ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው ቴሌብር ወይም በባንክ ተልኮ፣ ዳኛውና ጸሐፊው መዝገቡን ካሳዩ፣ የእቁቡ ሥራ ተፈጽሟል። አንድ ነገር ብቻ ይጐድላል፤ አባሉ ዕጣ ከደረሰው በኋላ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ዋስ ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚያየው ፊት ነበር። ሽምግልና ግን ከዚህ ይለያል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ እግር ሥር ሲወድቅ፣ ተበዳይም ጎንበስ ብሎ ሲያነሣውና ሲስመው ነው ዕርቅ የሚጸናው። ድንጋይ ተሸክሞ በስልክ መስተዋት ፊት መውደቅ እንዴት ይሆናል? ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገኖች በምስል አነጋግረው ነገሩን ሊያቀርቡት ይችላሉ፤ ይህም ጥቅም አለው፤ ቂመኞች በአንድ ክፍል ሳይሆኑ መነጋገራቸው አንዳንድ ጊዜ ከጠብ ያድናልና። መጨረሻው ግን በአካል እንዲሆን ማቆየት ይሻላል።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የመርዶ ነገር ነው። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። የሞተበት ሰው ሳያውቅ ዘመድና ጎረቤት ተጠራርተው፣ የልብ ወዳጆቹ መኖራቸው ታይቶ፣ በማለዳ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ሲያያቸውም ገና ሳይነገረው ያውቀዋል፤ በወደቀ ጊዜ የሚይዘው እጅ በግራ በቀኙ አለ። ይህን ሥርዓት በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይዘውት ሄደዋል፤ በአሜሪካም በአውሮፓም የአንዱ ወገን በአገር ቤት በሞተ ጊዜ ወዳጆቹ ተማክረው፣ ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት አጥንተው በቤቱ ይገናኛሉ። አሁን ግን ቀብሩ በቀጥታ በምስል ሲተላለፍ፣ ፎቶግራፉም ነፍስ ይማር ተብሎ በፌስቡክ ሲወጣ፣ ልጅየው በባቡር ውስጥ ወይም በሥራ ቦታ ብቻውን ሆኖ የአባቱን ሬሳ በእጁ በያዘው ስልክ ላይ ያገኘዋል። ለመገናኛ የተሠራው መሣሪያ፣ ሰውን በሕይወቱ ከሁሉ ይልቅ ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት ብቻውን አስቀረው ማለት ነው። ይህ የመሣሪያው በደል አይደለም፤ የቸኰለው ሰው ነው። የቤተ ዘመዱ አለቃ ውጭ አገር ያሉት ሁሉ መረዳታቸውን ሳያረጋግጥ ምንም ነገር በኢንተርኔት እንዳይወጣ ማዘዝ፣ ካሜራም ከዚያ በፊት እንዳይከፈት ማድረግ ይገባዋል። ለሩቁ ሰው ቀብሩን ለማሳየት የተፈለገ እንደ ሆነም፣ በዚያ አገር ካሉ ወዳጆቹ አንዱ ሌላው ቢቀር ከጐኑ ተቀምጦ አብሮት እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሲያለቅሱ፣ እነሆ የለቅሶ ቤት ሆነ።

የተቀላቀለው ስብሰባ፣ ማለት እኩሌታው በአዳራሽ እኩሌታው በምስል የሆነው፣ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በብዙ ስፍራ እንደሚደረገው ስልኩ በጠረጴዛው ጫፍ ከውሃ ጠርሙስ ጋራ ተደግፎ ይቆማል፤ በውጭ ያለው አባልም ከዳኛው ንግግር ይልቅ የሲኒውን መንኳኳት ይሰማል። በአዳራሽ ያሉት ሲሥቁ በምን እንደ ሣቁ አያውቅም፤ እጁን ቢያነሣ የሚያየው የለም፤ ጥቂት ቆይቶ ይተወዋል። መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ማኅበሩ ከአባሎቹ አንድ ሰው መርጦ የሩቆቹ አፍ ያድርገው፤ እርሱም ስልኩን ይዞ ከተናጋሪው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሳቁንም ይተርጉም፤ በየአርስቱም ዳኛው አስቀድሞ ለሩቆቹ፣ ከዚያ ለቅርቦቹ ዕድል ይስጥ። ቀን መቍረጥ፣ ሒሳብ መስማት፣ ከቀረቡት ሁለት አሳቦች አንዱን መምረጥ በምስል ይሁን፤ አዲስ ነገር ለማሰብ፣ የተጣሉትን ለማስታረቅና ሐዘንተኛ ለማጽናናት መገናኘት የሚችሉ ሁሉ በአካል ይገናኙ። ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል፤ ጕባኤውን በሙሉ በሽቦ ላይ የሰቀለ ማኅበር ሽቦው በተቈረጠ ቀን ማኅበር አይሆንም፤ በእግር ሄዶ በር የሚያንኳኳ አባል ያለው ግን ይሰነብታል።

እስከዚያው ድረስ ሕዝቡ ደንብ ሳይጽፍ በልማዱ የፈረደው ፍርድ አለ። ከሪያድ የመጣችው ያች ሴት በዓመቱ ፈቃድ አግኝታ ወደ አገሯ ትገባለች። የእናቷን ቀብር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልኳ አይታለች፤ በሠልስቱም በዐርባውም ቀን በምስል ተገኝታለች፤ ድንኳኑም ከተነሣ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ነገር ግን መምጣቷ በተሰማ ማለዳ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሰበሰባል፤ ከመኪና ስትወርድም ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል፤ እርስዋም ያን ጊዜ እናቴ ብላ በእናቷ እኅት አንገት ላይ ትወድቃለች። ቀብሩን አይተሽው የለምን ብሎ የሚጠይቃት ማንም የለም።